ለሳይንስ ፕሮጀክት ኢንተርኔት ላይ ምን፣ የት፣ እንዴት እንፈልግ? ከደብረ ብርሃን ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎች

በፈላ ውሃ ውስጥ የተነከረው ቴርሞሜትር 90 አልፎ ትንሽ ከፍ አለና ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ከዚያ በላይ ንቅንቅ አልልም አለ። የውርጭ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የሚሠሩት ሁለቱ ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ የከፈቱት መመሪያ፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 100 ካላነበበ ልዩነቱን ደምራችሁ አስተካክሉት ይላል። እነሱም እንደታዘዙት የመሣሪያው ኮድ ላይ 9 ሊደምሩ ነበር።

ቴርሞሜትሩ ምንም አልሆነም ነበር። ያለነው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ90 እና በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ብትይዙ ብዙም አትሳሳቱም። ልጆቹ 9 ደምረው ቢሆን ኖሮ የሠሩት የውርጭ ማስጠንቀቂያ፣ አመዳይ ሣሩን ሲሸፍነው እንኳ «9 ዲግሪ ነው፣ ሰላም ነው» እያለ ያድር ነበር።

መመሪያውን የጻፈው ሰው አልዋሸም። የሚኖረው ባሕር አጠገብ ነው እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪዎቼን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ ዘዴውን ከኢንተርኔት ውሰዱ፣ ቁጥሩን ግን እዚሁ አገራችሁ ላይ ሳትፈትሹ አትመኑት። ከዚህ በታች የጻፍኩት መረጃ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚፈተሽ ነው። ምሳሌዬም በአብዛኛው የእነዚሁ ልጆች የውርጭ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ከሐሳቡ ጀምሮ አብሬያቸው ስለነበርኩ።

አንደኛ፦ ስልኩን አስቀምጡና ደብተር አውጡ

«ጥሩ የሳይንስ ፕሮጀክት» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ከኮምጣጤና ከቤኪንግ ሶዳ የሚሠራ እሳተ ገሞራ ነው፤ ካልሆነም በሎሚ የሚበራ አምፖል። ዳኞቹ በየዓመቱ የሚያዩት ነው። ከዚያ ይልቅ ደጃፋችሁን ተመልከቱ። እዚህ በደጋው ባቄላውን ውርጭ ይመታዋል፤ ማዕድ ቤት ውስጥ ኩበት ሲነድ ጭሱ የእናቶቻችንን ዐይን ያጠፋል። ሸዋ ሮቢት ብትሆኑ ሽንኩርቱ ገበያ ሳይደርስ ይበሰብሳል፣ ማሾውን ነቀዝ ይበላዋል። መንዝ ደግሞ ሱፉ አለ፣ ጓሳው አለ። እያንዳንዳቸው ፕሮጀክት ናቸው።

ከዚያ ችግሩን ወደሚለካ ጥያቄ አውርዱት። ልጆቹ ይዘውልኝ የመጡት ርዕስ «ውርጭን መከላከል» የሚል ነበር። በዚህ ርዕስ አንድ ዓመት ሙሉ ቢፈልጉ አይጨርሱትም። ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው፦ ምኑን ትቀያይራላችሁ? ምኑን ትለካላችሁ? በምን? ሁለት ቀን አስበውበት ተመለሱ። ጥያቄያቸው እንዲህ ሆነ፦ «ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሣሩ አጠገብ ያለው ሙቀት፣ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው በስንት ዲግሪ ይለያል? ማንቂያውስ የትኛው ላይ ቢታሰር ነው ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው?»

ይህን ጥያቄ የያዘ ልጅ ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም። ምን እንዳልገባው ስለሚያውቅ የሚፈልገውን ገጽ ሲያገኝ ወዲያው ይለየዋል።

ሁለተኛ፦ ቃሉን አግኙ

አብዛኛው የምትፈልጉት ነገር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን አምኖ መጀመር ይሻላል። ቋንቋው ላይ ደካማ ነኝ ብሎ የሚፈራ ልጅ ብዙ ነው። ፍለጋ ግን የቃላት እንጂ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። ለአንድ ፕሮጀክት የሚያስፈልጓችሁ ቁልፍ ቃላት ከአሥር አይበልጡም፤ እነሱን ለይቶ መያዝ ይበቃል።

ቃላቱን የምታገኙት ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ነው። የፊዚክሱን ወይም የባዮሎጂውን መጽሐፍ ከኋላው ግለጡና የቃላት ማውጫውን እዩ። ሌላው መንገድ ዊኪፔዲያ ላይ የአማርኛውን ገጽ ከፍቶ፣ ካለ፣ በቋንቋ ምርጫው በኩል ወደ እንግሊዝኛው መሻገር ነው። ልጆቹ «ፍሮስት» የሚለውን ቃል ያውቁ ነበር። ቁልፉ ግን «ራዲየሽን ፍሮስት» የሚለው ነበር፦ ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ሲቀዘቅዝ የሚመጣው ውርጭ። የኛ አገር የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይህ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ሲጨምሩ፣ ስለ ማቀዝቀዣ ፍሪጅ ያወራ የነበረው ውጤት ሁሉ ስለ እርሻ ሆነ።

ጎግል ላይ ሦስት ዘዴ ልመዱ። ተያይዘው መምጣት ያለባቸውን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉ። የማትፈልጉትን ቃል ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ አስወጡት። ጥናትና መመሪያ ስትፈልጉ ደግሞ «ፋይልታይፕ» ብላችሁ፣ ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ፣ «ፒዲኤፍ» ጨምሩበት (ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)፤ ማስታወቂያ የሞላባቸው ገጾች ይቀራሉ።

የቦታ ስም ስትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኛ ስሞች በላቲን ፊደል ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። «ብርሃን»ን አንዱ በ«ኢ» ፊደል አንዱ በ«አይ» ፊደል ይጽፈዋል። ሸዋ «ሾዋ»ም «ሾአ»ም ተብሎ ይጻፋል፤ መንዝም እንደዚያው ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ተማሪ ስለ መንዝ በግ አንድም ጥናት የለም ብሎኝ ነበር። ፊደሉን ቀይረን ስንፈልግ ያልጠበቀውን ያህል ተገኘ።

ሦስተኛ፦ የት እንደምትሄዱ እንደ ፍላጎታችሁ ነው

ሐሳብ ካጣችሁ ሳይንስ በዲስ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የምትወዱትን ጠይቆ የሚስማማችሁን የፕሮጀክት ዓይነት ይጠቁማል፤ የእያንዳንዱን ክብደት፣ የሚወስደውን ጊዜና ወጪ ይናገራል። ሐሳቡን ውሰዱ እንጂ እንዳለ አትገልብጡት፤ የዕቃ ዝርዝሩ የአሜሪካ ሱቅ ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ ካልገባችሁ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎችና የኦፕን ስታክስን ነጻ መጻሕፍት እዩ። የኦፕን ስታክስ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ሙሉውን ይወርዳል፤ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ከበቂ በላይ ነው። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ፌት አለ። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ የጀመረውም የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው። የኤሌክትሪክ ዑደት፣ የጋዝ ግፊት፣ የብርሃን ስብረት፣ ሁሉም በስክሪን ላይ እየተነካካ ይሠራል። እኔ ኦም ሕግን ያለ አንድ ሽቦ ያስተማርኩበት ጊዜ አለ።

ኤሌክትሮኒክስ የምትሠሩ ከሆነ ዕቃ ሳትገዙ በፊት ቲንከርካድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሞክሩት። አርዱይኖ ቦርድ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ሬዚስተር፣ ኤልኢዲ ሁሉ በስክሪኑ ላይ አለ፤ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ትጀምሩታላችሁ። ብልሽት ከሠራችሁ የሚቃጠለው የሥዕል ኤልኢዲ ነው። መምህር ክፍል ከፍቶ ኮድ ቢሰጣችሁ የራሳችሁ ኢሜይል ባይኖራችሁም ትገባላችሁ። ቲንከርካድ ያለው የሙቀት ሴንሰር ቲኤምፒ36 ነው፤ እኛ የተጠቀምንበትን ዲኤስ18ቢ20 ያገኘነው ዎክዊ በሚባለው ሌላ ማስመሰያ ላይ ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው። አሠራሩን በፎቶ እየተከተላችሁ ለማየት ኢንስትራክተብልስ ጥሩ ነው። ለገጠር የሚሆን ቴክኖሎጂ፣ ማለትም ምድጃ፣ የፀሐይ ማድረቂያ፣ የውሃ ማጣሪያ ከሆነ ግን አፕሮፒዲያን አስቀድሙ፤ የተጻፈው ጥቂት ገንዘብ ላለው ሰው ነውና።

መለኪያ መሣሪያ የለንም የምትሉ፣ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ፋይፎክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ፤ የሠራው ጀርመን የሚገኘው የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። የስልኩን ሴንሰሮች ወደ ቤተ ሙከራ ይቀይራቸዋል፦ ፍጥነት ጭማሪ፣ ድምፅ፣ ማግኔት፣ በአንዳንድ ስልክ ላይ ብርሃንና የአየር ግፊትም። የተለካውን ወደ ኤክሴል ያወጣላችኋል። የግፊት ሴንሰር ያለው ስልክ ያገኘ ልጅ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ከፍቶት ቢሄድ፣ በአንድ ጉዞ የግፊትንና የከፍታን ግንኙነት የሚያሳይ ግራፍ ይዞ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ያለው ትምህርት ቤት ስንት ነው? ጎረቤታችን የሆነውን ተራራ እንደ ቤተ ሙከራ ስናየው ያኔ ነው ፕሮጀክቱ የኛ የሚሆነው።

ዳታ ለሚያስፈልጋችሁ ናሳ ፓወር የሚባል አለ። ካርታው ላይ ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፤ ለደብረ ብርሃን 9.68 ሰሜን፣ 39.53 ምሥራቅ ገደማ ነው። የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የነፋስ፣ የፀሐይ ጨረር መዝገብ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ያለውን በነጻ ታወርዳላችሁ። ለፀሐይ ኃይል ብቻ ከሆነ ግሎባል ሶላር አትላስ ይቀላል። ስለ ጓሳ እንስሳትና ዕፅዋት የምትሠሩ ጂቢአይኤፍን ፈልጉ፤ የትኛው ዝርያ የት ቦታ መቼ እንደታየ የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ ቋት ነው።

የናሳው ዳታ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። የአየር ጠባዩ ቁጥር የአንድ ቀበሌ አይደለም፤ 55 ኪሎ ሜትር በ70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያህል ሣጥን አማካይ ነው። ሜዳማ አገር ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። እኛ ጋ ግን፣ አንኮበር ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ነው። የአንኮበርን ነጥብ ስትጠይቁት ያ ሣጥን ቆላውንም አብሮ ስለሚያስብ፣ የሚሰጣችሁ ሙቀት ብርዱን ለሚያውቅ ሰው የማይታመን ይሆናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በዚህ ሒሳብ አርሙት፣ ከተቻለም በአቅራቢያችሁ ካለ የሚቲዮሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ይህን ልዩነት አግኝቶ ማብራራት ራሱ የፕሮጀክት ምዕራፍ ይወጣዋል።

ከናንተ በፊት የተሠራውን ለማየት ጎግል ስኮላር አለ። ከዚያ በፊት ግን የአገራችንን እዩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር ለሁሉም ክፍት ነው፤ በፀሐይና በባዮጋዝ እንጀራ ስለ መጋገር ብቻ የተጻፈው ለወራት ያስነብባል። የእርሻና የከብት ጉዳይ ከሆነ እዚሁ ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ገንዘብ የሚያስከፍል የጥናት ገጽ ሲገጥማችሁ አትክፈሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ብዙ መጽሔቶችን በነጻ ያገኛሉ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ የጽሑፉን ርዕስ ይዛችሁ ጠይቁ። በትሕትና የጠየቀ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባዶ እጁን ሲመለስ አላየሁም። የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አጠገባችሁ ካለም በሩን አንኳኩ፤ ኢንተርኔቱንም መሣሪያውንም አንድ ላይ ታገኛላችሁ።

አራተኛ፦ የዕቃውን መግለጫ ሳታነቡ ብር አታውጡ

እዚህ ላይ ልጆቹ 3 ሳምንት አጥተዋል። ኢንስትራክተብልስ ላይ ያገኙት የሙቀት መለኪያ ዲኤችቲ11 በሚባል ሴንሰር የተሠራ ነበር። ርካሽ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ አይጠፋም። ገዙት፣ ሠሩት፣ ቀን ላይ ግሩም ሆኖ ሠራ። የመጀመሪያው ውርጭ በወረደበት ሌሊት ግን ንባቡ 0 ላይ ተቸንክሮ አደረ። ጠዋት ሲመጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

መልሱ የነበረው የሴንሰሩ መግለጫ ላይ ነበር። «ዳታሺት» ይባላል፤ የዕቃውን ቁጥር ጽፋችሁ ከጎኑ ይህንኑ ቃል ብትጨምሩ የአምራቹ ፒዲኤፍ ይመጣል። ገጹ ብዙ ነው፣ አትደንግጡ። ለጀማሪ የሚያስፈልገው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ገጽ ሠንጠረዥ ነው፦ ከስንት እስከ ስንት ይለካል፣ ስሕተቱ ስንት ነው፣ በስንት ቮልት ይሠራል። የተለመደው ዲኤችቲ11 ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ነው የሚለካው፤ ስሕተቱም 2 ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ውርጭን ለመለካት የሚገዛ ዕቃ አልነበረም ማለት ነው። ኤልኤም35ን ብንወስድ ደግሞ በቀላሉ ሲገጠም ከ2 ዲግሪ በታች አይወርድም። ዲኤስ18ቢ20 ግን ከዜሮ በታች 55 ድረስ ይለካል፣ ከዜሮ በታች 10 እና ከዜሮ በላይ 85 መካከል ስሕተቱ ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ውሃ በማያስገባ ሽፋን የተሠራም አለው። መጨረሻ ላይ ሁለት ገዙ፣ አንዱን ለሣሩ አንዱን ለላይኛው። በዳታ ሽቦውና በ5 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ፤ ያ ሬዚስተር ከሌለ ንባቡ የማይታመን ይሆናል፣ ይህም እዚያው መግለጫው ላይ ተጽፏል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አበው። ሠንጠረዡን ለማንበብ 10 ደቂቃ ይበቃ ነበር።

አምስተኛ፦ ያገኛችሁትን ቁጥር ወደ አገራችሁ መልሱት

ከፍታውን መጀመሪያ ላይ ተናግሬያለሁ። ለምድጃ ፕሮጀክት ደግሞ በጣም ይጠቅማችኋል። ምድጃ የሚፈተንበት የውሃ ማፍላት ሙከራ የሚባል የታወቀ አሠራር አለ፤ መመሪያው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ጥሩነቱ፣ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ውሃ በናንተ አካባቢ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ራሳችሁ ለክታችሁ እንድትመዘግቡ ያዛል። ሸዋ ሮቢት፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ፣ 95 እና 96 መካከል ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን 90 እና 91። የሸዋ ሮቢቱንና የደብረ ብርሃኑን ምድጃ ሁለቱንም በ100 ያሰበ ሰው የኃይል ሒሳቡ በሁለቱም ቦታ ይበላሽበታል።

ቀንና ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ፤ ይህ የኛ ብቻ ፈተና ነው። የወረደው ዳታ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 11 ላይ። ሰዓቱ ደግሞ በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ከሆነ ለኛ 3 ሰዓት ይጨመርበታል፣ ከዚያ በኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ይቀየራል። ዳታው ላይ 02:00 የሚለው እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ብርዱ የሚጠናው ልክ ያኔ ነው። ናሳ ፓወር በዩቲሲም በፀሐይ ሰዓትም ያስመርጣል፤ የቱን እንደመረጣችሁ ጻፉ። አንድ ቡድን ግራፉ ላይ ከፍተኛው ብርድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኖበት ሲገረም ውሎ ነበር።

ፋራናይት፣ ኢንች፣ «ካፕ» ሲያጋጥማችሁ ወደ ሴልሺየስ፣ ሳንቲ ሜትርና ሚሊ ሊትር ቀይሩ። ኤሌክትሪክ ላይ ግን ከመቀየር በላይ ነው። የአሜሪካ ፕሮጀክት የሚታሰበው ለ120 ቮልት ነው፤ የኛ ግድግዳ 220 ነው። በቀጥታ ከሶኬት የሚሠራ ማንኛውንም ነገር ያለ መምህርና ያለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አትንኩ። ከባትሪ ወይም ከስልክ ቻርጀር በ5 ቮልት የሚሠራ ምረጡ። የመኪና ባትሪ መክፈት፣ ባዮጋዝን በተዘጋ ዕቃ ማጠራቀም፣ አሲድ ቤት ውስጥ ማዘጋጀት የሚያሳይ ቪዲዮ ስታዩ ዝለሉት። ቪዲዮው ላይ የሚታየው የተሳካው ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ ኔትወርክ ሲደክም

ሁላችንም ዋይፋይ የለንም፤ መንዝ ውስጥ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ ተማሪ አውቃለሁ። ስለዚህ ኢንተርኔት ስታገኙ አንብቡ አልልም፤ አውርዱ። ንባቡ ቤት ይደርሳል። የሌሊት ጥቅል ዋጋው ስለሚቀንስ ከባዱን ለዚያ አቆዩት። ቪዲዮ በ240 ጥራት ይበቃል፤ የሽቦ አገጣጠም ለማየት ካልሆነ ደግሞ ከቪዲዮ ይልቅ የተጻፈውን ምረጡ፣ መጠኑ ኢምንት ነው። ገጹን ከብራውዘሩ «ፕሪንት» በሚለው በኩል ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አስቀምጡ።

ኪዊክስ የሚባለውን መተግበሪያ ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒዩተር ላይ አስጭኑ። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ሙሉው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ እሱን ተዉት፤ በየትምህርቱ የተከፋፈለ ትንሽ ጥቅል አለ፣ የፊዚክሱን ወይም የኬሚስትሪውን ብቻ ውሰዱ። የካን አካዳሚን ትምህርት ያለ ኔትወርክ ለማሳየት ኮሊብሪ አለ። የፌት ሙከራዎችም አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ በፍላሽ ይዞራሉ፣ ከስልክ ስልክ በዜንደር ይተላለፋሉ። አንድ ሰው ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ ለመላው ክፍል ይዞ ሊመጣ ይችላል። እኛ ይህን ተራ አድርገነዋል፤ ወደ ከተማ የሚወጣ ሁሉ ዝርዝር ይዞ ይወጣል።

ሰባተኛ፦ ቴሌግራም፣ ኤአይና ማስታወሻ ደብተራችሁ

ቴሌግራም ላይ የሚዞር ፒዲኤፍ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው ካልታወቀ ምንጭ አይሆንም። ፍንጭ ግን ይሆናል፤ ርዕሱን ገልብጣችሁ ዋናውን ፈልጉ። ቻትጂፒቲን የመሰሉትን ኤአይ ደግሞ ከባድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ በቀላሉ እንዲያስረዷችሁና የኮድ ስሕተት እንዲጠቁሟችሁ ተጠቀሙባቸው፤ ለዚህ ይጠቅማሉ። የጥናት ስም፣ የጸሐፊ ስም ወይም ቁጥር ከሰጣችሁ ግን ጎግል ስኮላር ላይ ሳታገኙት አትጻፉት። የሌለ ጥናት ርዕስና ዓመት አሳምሮ ሲያቀርብ በዐይኔ አይቻለሁ። ተማሪው አምኖት ፖስተሩ ላይ አትሞት ነበር።

ለእያንዳንዱ ምንጭ ደብተራችሁ ላይ ግማሽ ገጽ ስጡ፦ የገጹ ስም፣ ያዘጋጀው ሰው ወይም ተቋም፣ የከፈታችሁበት ቀን፣ ከእሱ የወሰዳችሁት ምን እንደሆነ፣ እናንተ ደግሞ ምኑን እንደቀየራችሁ። የሰው ኮድ ከወሰዳችሁ ስሙን ኮዱ አናት ላይ ጻፉ፤ በነጻ ተሰጠ ማለት ስም አይጠራም ማለት አይደለም። «ምኑን ቀየርን» የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ ፕሮጀክቱ ገና የናንተ አልሆነምና ወደ ሙከራው ተመለሱ።

ከሁለቱ ልጆች አንዷ ይህን ደብተር ይዛ ነው ዳኞቹ ፊት የቆመችው። አንዱ ዳኛ፣ «ይህ ከኢንተርኔት የተወሰደ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «አሠራሩን ከዚያ ነው የወሰድኩት» አለችና ገጹን ገልጣ አሳየችው። ከዚያ የሚቀጥለውን ገጽ ገለጠች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ 11 ሰዓት እያለ በእጅ የተጻፈ ነው፤ በግራ የሣሩ ሙቀት፣ በቀኝ የላይኛው። ሣሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ የላይኛው ገና ከዜሮ በላይ ነው። ብርዱ እጇን አደንዝዞት ስለነበር የ11 ሰዓቱ ቁጥር ፊደሉ ተጣሟል። ዳኛው ደብተሩን ተቀብሎ ያቺን ገጽ ቁጭ ብሎ አነበባት።